በባቡር ወደ ድሬዳዋ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አክስቴ ድሬዳዋ ላለችው ልጇ ድፎ ዳቦ ጋገረች፤ ገና ሳይነጋ በነጠላ ጠቅልላ በላዳ ታክሲ ለገሃር ወረደች። በሩ ዝግ ነው። ጥበቃው «እናቴ፣ ባቡሩ እኮ ከለቡ ነው የሚነሳው» አላት። ለቡ ስትደርስ ባቡሩ ሄዷል። ድፎው በእጇ እንዳለ ገና ትኩስ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ በድሮው ባቡር ሐሳብ ለአዲሱ መነሳት። ለገሃር ስሙ ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። የድሮው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን መነሻው ከከተማው ዳር፣ ፉሪ ለቡ ነው። የድሬዳዋው አዲስ ጣቢያም ከከተማው ውጭ ስለሆነ የሚቀበልዎትን ሰው ከዚህ ሳይነሱ ይቅጠሩት።

ሁለተኛው የሰዓት ነው። ትኬት ላይ 8:00 የሚል ካዩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቁ፤ በፈረንጅ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ነው።

መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ሳይዙ አይሂዱ።

ስንቅም እንዲሁ። በድሮው ባቡር በየጣቢያው በመስኮት እየተሸመተ ይበላ ነበር። ያ ልማድ ዛሬ አያዋጣም፤ አብዛኞቹ ጣቢያዎች ከከተማ ይርቃሉ። ውሃዎንና ምግብዎን ከቤት ይያዙ፣ በተለይ ሕፃን ካለ። ከአዋሽ ወዲያ ያለው ቆላ ያስጠማል።

የሚያሳስበኝ ግን ሐዲዱ አጠገብ ያለው ሰው ነው። የድሮው ባቡር ከሩቅ ይሰማ ነበር። የኤሌክትሪኩ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ «ገና ሩቅ ነው» ሲሉት አጠገብዎ ይደርሳል። ነጂው ቢያይዎትም ቶሎ ማቆም አይችልም፤ በሙሉ ፍጥነት የሚሄድ ባቡር ፍሬን ተይዞም ብዙ መቶ ሜትር ይነዳል። ከላይ ያለው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል። ባቡር ባይኖርም ኃይል አለው፤ ደግሞ ሳይነኩትም ዘሎ ይይዛል። ረጅም ብረት ይዞ ሥሩ መቆም፣ ከድልድይ ላይ ውሃ መድፋት፣ ፉርጎ ላይ መውጣት ሕይወት ያስከፍላል።

ከብት የሚጠብቅ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ መሻገሪያው በድልድዩ ሥር መሆኑን አሳዩት። ግመሉ ወይም ላሟ ሐዲድ ላይ ቆማ ባቡር ሲመጣ ካየ፣ ትቷት ይሽሽ፤ ለማስጣል እንዳይሮጥ ደጋግማችሁ ንገሩት።