«4 ጊጋ ግራፊክስ አለው» ሲባል፦ ላፕቶፕ ከመግዛት በፊት የሚታዩ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ችግር፦ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ «4 ጊጋ ግራፊክስ አለው» ተብሎ ቁጥሩም ስክሪን ላይ ታይቷል። የፖሊ (የምህንድስና ካምፓስ) ተማሪው ቤቱ ወስዶ ሉሚየን የተባለውን የሕንፃ 3ዲ ምስል መሥሪያ ሶፍትዌር ሲከፍትበት ግን ይንቀራፈፋል፣ ወይም ጭራሽ አይነሳም።

ምክንያት፦ ቁጥሩ የራሙ ግማሽ ነው። ኢንቴግሬትድ ግራፊክስ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ነው፤ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራም ይበደራል። ዊንዶውስ እስከ ግማሹ ስለሚፈቅድለት ባለ 8 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ወደ 4፣ ባለ 16ቱ ወደ 8 ጊጋ ያሳያል። ሻጩ ራሱ ላያውቀው ይችላል።

መፍትሄ፦ ብር ሳይከፍሉ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብረው ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብተው በግራ በኩል እስከ ታች ይውረዱ። ጂፒዩ (የግራፊክስ ቺፑ) የሚለውን ሲጫኑ ስሙ ከላይ በስተቀኝ ይታያል። ኢንቴል ዩኤችዲ፣ አይሪስ ኤክስኢ፣ ራዲዮን ቬጋ 8 ከሆነ ኢንቴግሬትድ ነው። ቁጥር አያታልልዎ፤ ራዲዮን 780ኤምም ያው ነው። ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1650 ወይም አርቲኤክስ 3050 ካለ ዴዲኬትድ ነው፣ ማለትም የራሱ ሜሞሪ ያለው ለብቻው የተሠራ ቺፕ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጂፒዩ 1 ሆኖ ይመጣል። ከታች «ዴዲኬትድ ጂፒዩ ሜሞሪ» የሚለውን መስመር ብቻ ያንብቡ፣ «ሼርድ» የሚለውን ይተዉት። 1650 ላይ ወደ 4 ጊጋ ማለት አለበት።

ችግር፦ የኤንቪዲያ ስቲከር አለ፣ ታስክ ማናጀር ግን የኢንቴሉን ብቻ ያሳያል። ስቲከር ማንም ይለጥፋል። ስታርትን በቀኝ ክሊክ ነክተው ዲቫይስ ማናጀር፣ ከዚያ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ይክፈቱ። ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ካለ ተዘግቷል፤ በቀኝ ክሊክ ኢኔብል ይበሉት። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ካለ ድራይቨር (ቺፑን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) አልተጫነም፤ አስጭነው ይዩት። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ከኮድ 43 ጋር ካለና ድራይቨሩ እንደ አዲስ ተጭኖም ከተመለሰ፣ ቺፑ ሳይበላሽ አልቀረም። አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ነቅሎ መቀየር ቀላል አይደለም። ዋጋ ቢቀንሱልዎም አይውሰዱት።

ችግር፦ ዴዲኬትድ አለው፣ ግን ቀርፋፋ ነው። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ብቻ ከፈተኑት አይፍረዱ፤ ባትሪ ላይ ኃይሉን ይቀንሳል። ቻርጀሩንም ገልብጠው ያንብቡ። 19.5 ቮልት በ7.7 አምፒር ሲባዛ 150 ዋት ነው፤ የጌም ላፕቶፕ ከ65 ዋት ቻርጀር ጋር ከተሰጠዎት ቻርጀሩ የሌላ ነው። ሶፍትዌሩ በኢንቴግሬትዱ እየሠራ ከሆነ ደግሞ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ገብተው ሃይ ፐርፎርማንስ ይምረጡለት። በሚያዝያ ሙቀት 15 ደቂቃ ሠርቶ ፍጥነቱ የሚወርድ ከሆነ ፋኑን ከአቧራ ያስጸዱ፣ ፔስቱን (ከቺፑ ላይ ሙቀት እንዲወጣ የሚቀባውን) ያስቀይሩ።

ለወርድ፣ ለኤክሴልና ለቀላል የአውቶካድ ንድፍ ኢንቴግሬትዱ ይበቃል። ታስክ ማናጀር ሜሞሪ ላይ ከሁለቱ የራም ቦታዎች አንዱ ብቻ ተይዞ ካዩ ተመሳሳይ ራም ይጨምሩበት፤ ሜሞሪውን በሁለት መስመር ስለሚያገኝ ግራፊክሱ በግልጽ ይፈጥናል።