የስዊች ሙቀት ማስጠንቀቂያ ሲደርሳችሁ

ገላን አካባቢ ያለ የአንድ ፋብሪካ ኔትወርክ ኃላፊ ነኝ። በጋ ላይ አቧራው ሲነሳ የሙቀት ማስጠንቀቂያ ስልኬ ላይ ይበዛል።

ስዊቹን፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹን በኔትወርክ የሚያገናኘውን መሣሪያ፣ ቶሎ ብላችሁ አታጥፉት፤ ሎጉ (የሆነውን ሁሉ የሚይዘው መዝገብ) አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የሲስኮ ኩባንያ ሥሪት ከሆነ ገብታችሁ «ሾው ኢንቫይሮንመንት» (show environment) የሚለውን ትዕዛዝ ስጡና የጮኸው ሴንሰር (ሙቀት መለኪያ) የትኛው እንደሆነ ለዩ። አየር በሚገባበት በኩል ያለው ከሞቀ ጥፋቱ የክፍሉ ነው። ክፍሉ ቀዝቅዞ የውስጡ ብቻ ከሞቀ ግን ወይ ማራገቢያ ቆሟል፣ ወይ አቧራ ደፍኖታል።

እኔን ብዙ ጊዜ ያስቸገረኝ የመጀመሪያው ነው። መብራት ይጠፋል፤ ስዊቹ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) መሥራቱን ይቀጥላል፤ ኤሲው (የክፍሉ አየር ማቀዝቀዣ) ይቆማል። መብራቱ ሲመለስ ኤሲው በራሱ አይነሳም! አንድ እሑድ ሌሊት ከቤቴ ተነስቼ ስደርስ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር። ስለዚህ መብራት በመጣ ቁጥር ጥበቃው ኤሲውን እንዲያየው አስለምዱት፤ ከተቻለም በራሱ የሚነሳ ግዙ።

አየሩ ወደ መሣሪያው ሲገባ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ይመረጣል። የእኛ አካባቢ ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንሳል። አምራቹ የጻፈውን የሙቀት ጣሪያ ስታነቡ ለስንት ሜትር ከፍታ እንደሆነ አብራችሁ እዩ።

አቧራውን የምትነፉት መሣሪያው ጠፍቶ፣ የማራገቢያው ክንፍ እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ ነው። የቆመ ማራገቢያ ካለ ግን ይቀየር፤ ዘይት ጠብ አድርጎ ማቆየት አያዋጣም።