የኑክሌር ነክ ዕቃ የመላኪያ ፈቃድ፦ ለቪየና የሚሄደው ሪፖርት ከማመልከቻው ይጀምራል

የፈቃድ ክፍሉ ማኅተም መትቶ ፋይሉን ሲዘጋ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ቪየና ያለው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ግን ከወራት በኋላ ላኪው አገር ያሳወቀውን ተቀባዩ ካሳወቀው ጋር ያመሳክራል። ካልገጠመ ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ ለሴፍጋርድ፣ ማለትም የኑክሌር ቁስ ወደ ጦር መሣሪያ እንዳይዞር ለሚደረገው የሂሳብና የፍተሻ ቁጥጥር፣ የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ይሰብሰብ። አመልካች ትዕግሥት የሚኖረው ፈቃዱ እጁ እስኪገባ ብቻ ነው።

ዕቃው የትኛው ዝርዝር ላይ ነው?

የኑክሌር አቅራቢ አገሮች ቡድን ሁለት ዝርዝር አለው። የመጀመሪያው በተለይ ለኑክሌር ሥራ የተሠራውን ይይዛል፦ ሪአክተር፣ የማበልጸጊያ ሴንትሪፊዩጅ (ዩራኒየምን በፍጥነት እያሽከረከረ የሚያበለጽግ ማሽን)፣ ከባድ ውኃና የመሳሰሉት። የኑክሌር ጦር መሣሪያ ወደሌላቸው አገሮች እነዚህ ያለ ሴፍጋርድ አይላኩም፤ መሠረቱ የኑክሌር ጦር መሣሪያ አለመስፋፋት ስምምነት አንቀጽ 3 ነው። ሁለተኛው ዝርዝር የኢራቅ ድብቅ ፕሮግራም ከተጋለጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሲሆን፣ ለተራ ፋብሪካም ለቦምብ ሥራም የሚያገለግሉ ዕቃዎችን ይዘረዝራል።

የጉምሩክ ኤችኤስ ኮድ (የዕቃ መለያ ቁጥር) እዚህ ብዙ አይረዳም፤ ተራው ቫክዩም ፓምፕና ቁጥጥር ያለበት በአንድ ኮድ ሊገቡ ይችላሉ። የአምራቹን ቴክኒካዊ መግለጫ ያስቀርቡና ከዝርዝሩ ቁጥር ጋር ያስተያዩ። የአሉሚኒየም ቱቦን እንውሰድ። ቁጥጥሩ የሚጀምረው የውጭ ዲያሜትሩ ከ75 ሚሊ ሜትር ሲበልጥና ቅይጡ በ20 ዲግሪ 460 ሜጋፓስካል ጥንካሬ መድረስ ሲችል ነው። «መድረስ ሲችል» የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አመልካቹ በሙቀት ያልጠነከረ ቱቦ አቅርቦ ዝቅተኛ ቁጥር ይጽፋል፤ ቅይጡ በኋላ ምድጃ ገብቶ 460ን የሚያልፍ ከሆነ ግን ዛሬም ቁጥጥር ውስጥ ነው። የቅይጡን ስም ይጠይቁ፤ 7075 የተባለው ጠንካራ የአሉሚኒየም ቅይጥ ከሆነ ቆም ብለው ያስቡ።

በአንጻሩ ቁጥሩን ማለፍ ብቻውን ወንጀል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ኢራቅ ሲሄዱ የተያዙት የ7075 ቱቦዎች ዲያሜትራቸው 81 ሚሊ ሜትር ነበር። ዋሽንግተን ለሴንትሪፊዩጅ ናቸው አለች፤ የኤጀንሲው ተቆጣጣሪዎች ግን ኢራቅ ከምትሠራው የ81 ሚሊ ሜትር ሮኬት ጋር እንደሚገጥሙ አዩ። ዝርዝሩ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል እንጂ ለምን እንደሚውል አይነግርም።

መድረሻው አገር

ሦስት ነገር ይጣራ፦ ሁሉን አቀፍ የሴፍጋርድ ስምምነት (የአገሩን ሰላማዊ የኑክሌር ቁስ ሁሉ የሚሸፍነው) አለው ወይ፣ ተጨማሪ ፕሮቶኮሉስ (ለኤጀንሲው ሰፊ መረጃና መግቢያ የሚሰጠው)፣ የአነስተኛ መጠን ፕሮቶኮልስ (ቁሱ ጥቂት ለሆነ አገር ቁጥጥሩን የሚያቀልለው)? ኤጀንሲው የሚያወጣው ሠንጠረዥ ላይ «ተፈርሟል» እና «ጸንቷል» የሚሉት ዓምዶች ይለያያሉ። ኢራን ተጨማሪ ፕሮቶኮሉን እ.ኤ.አ. በ2003 ፈርማ ለጊዜው ብትተገብረውም በሕግ ጸንቶ አያውቅም። አነስተኛ መጠን ፕሮቶኮል ያለው አገር ደግሞ የኑክሌር ቁሱ ጥቂት ነው፤ የሴንትሪፊዩጅ ክፍል የሚያዝዝ ኩባንያ ከዚያ ከመጣ ትዕዛዙ ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ለመጀመሪያው ዝርዝር ዕቃ ዕቃው ለኑክሌር ፈንጂ እንዳይውል ዋስትና የሚሰጠው የተቀባዩ መንግሥት ነው። የገዢው ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ የፈረመበት ደብዳቤ አይተካውም።

መጠኑን በንጥረ ነገሩ ክብደት

የሚላከው የኑክሌር ቁስ ራሱ ከሆነ፣ ከአንድ «ውጤታዊ ኪሎግራም» ሲበልጥ ለመላክ መዘጋጀት ከመጀመሩ ቢያንስ 2 ሳምንት በፊት ለኤጀንሲው ይነገራል። ስሌቱ፦ 1 በመቶና ከዚያ በላይ ለበለጸገ ዩራኒየም፣ ክብደቱን በብልጽግናው (ዩራኒየም-235 በያዘው ድርሻ) ስኩዌር ያባዙ። 4 በመቶ ማለት 0.04 ነው፤ ስኩዌሩ 0.0016፤ ስለዚህ 625 ኪሎ ልክ አንድ ውጤታዊ ኪሎግራም ይሆናል። ተፈጥሯዊው ዩራኒየም በ0.0001 ስለሚባዛ 10 ቶን ላይ ይደርሳል። በ0.04 ፈንታ 4 ብሎ የሚያስገባ አይጠፋም፤ ውጤቱ ሲታይ ያስቃል።

ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆነው ጉዳይ የጉጂው የቀንጢቻ ታንታለም ነው፤ ማዕድኑ ውስጥ ዩራኒየምና ቶሪየም አለ። ለምሳሌ 20 ቶን የተጣራ ማዕድን 0.4 በመቶ የዩራኒየም ኦክሳይድ ቢኖረው፣ 80 ኪሎ ኦክሳይድ ነው። በ0.848 (ኦክሳይዱ ውስጥ ባለው የዩራኒየም ድርሻ) ሲባዛ 67.8 ኪሎ ዩራኒየም ይሆናል፤ መመዝገብ ያለበትም ይኸኛው ነው። የላቦራቶሪ ወረቀት የኦክሳይዱን ቁጥር ስለሚሰጥ ሳይቀየር ይገለበጣል።

ማዕድን አፈር በሴፍጋርድ ትርጉም «ምንጭ ቁስ» (ቁጥጥሩ የሚመለከተው ጥሬ ዩራኒየም ወይም ቶሪየም) አይባልም። ተለይቶ የወጣ ዩራኒየም ግን ይባላል። ስለዚህ ገዢውን ማቅለጫ ዩራኒየሙ ይለያል ወይ፣ ዝቃጩስ የት ይሄዳል ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ በጽሑፍ ይሁን። ኢትዮጵያ ተጨማሪ ፕሮቶኮሉን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ስላጸናች ጥያቄው የወግ አይደለም። በነገራችን ላይ ከላይ ያለው ጭነት በግራም ወደ 42 ቤክሬል (የጨረር መለኪያ) ይሆናል፤ ለተፈጥሮ ማዕድን ነጻ የሚያደርገው ወሰን 10 ነው። ስለዚህ በክፍል 7 (ጨረር አመንጪ) አደገኛ ጭነት ይጓጓዛል፤ ይህን ወደብ ላይ ደርሶ የሚያውቅ ላኪ መርከብ ላያገኝ ይችላል።

ቦታና ቀን

ተጨማሪ ፕሮቶኮል ያለው አገር በፕሮቶኮሉ አባሪ የተዘረዘሩ መሣሪያዎችን ሲልክ ሩብ ዓመቱ ባለቀ በ60 ቀን ውስጥ ያሳውቃል፦ ምን፣ ስንት፣ የት እንደሚውል፣ መቼ እንደወጣ። «የት እንደሚውል» የሚለው ላይ የነጋዴው ቢሮ አድራሻ ይጻፋል። የዱባይ ነጻ ቀጣና ፖስታ ሣጥን ዕቃው የሚሠራበት ቦታ አይደለም፤ የፋብሪካው ስምና ከተማ ይጻፍ። ተቀባዩ አገር ማረጋገጫ ሲጠየቅ የሚፈልገው እዚያ ነው።

ቀኑ ደግሞ ዕቃው ከአገር የወጣበት ነው፤ ፈቃዱ የተፈረመበት አይደለም። ማርች 28 የወጣ ጭነት እስከ ሜይ 30 ይነገራል፤ ኤፕሪል 2 የወጣ ግን ወደ ኦገስት 29 ይሻገራል። ሐምሌ 1 የሚጀምረው የበጀት ሩብ ዓመታችን ከዚህ በአንድ ሳምንት ስለሚዛነፍ በመሥሪያ ቤቱ የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ መተማመን አይቻልም።

ፈቃዱ ላይ ይህን ግዴታ ያስገቡ፦ ላኪው በእያንዳንዱ ጭነት የወጣውን መጠንና የመውጫ ቀኑን ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ቅጂ ጋር ይመልስ። ፈቃዱ ለ12 ፓምፕ ሆኖ የወጣው 5 ከሆነ የሚነገረው 5 ነው። ምንም ካልወጣም «ምንም አልወጣም» ብሎ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ባዶ ፋይል ጭነት አለመኖሩን አያሳይም።