ግልገል ጥንቸልን በአንድ ቦታ እንድትጸዳዳ ማስለመድና የቤት ውስጥ ሽታን መከላከል

ጥንቸል የገባችበት ቤት መሽተቱ አይቀርም የሚለው ስጋት ከእንስሳዋ ተፈጥሮ ይልቅ ከአያያዟ የመጣ ነው። ጥንቸል ራሷን እየላሰች የምታጸዳ፣ ገላዋ እምብዛም የማይሸት እንስሳ ናት፤ ደረቅና ክብ የሆነው በጠጧም ቢሆን ከሣር ሽታ ብዙም አያልፍም። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽንቷ ነው፤ እርሱም ይበልጥ የሚከረፋው በጉዝጓዝ ወይም በወለል ላይ ሲቆይና በውስጡ ያለውን ዩሪያ የተባለ ንጥረ ነገር ባክቴሪያዎች አሞኒያ ወደተባለ የሚሰነፍጥ ጋዝ ሲለውጡት ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ሽንቱ አንድ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ማድረግና ያረፈውን ሳይውል ሳያድር ማንሣት ነው።

ጥንቸል በተፈጥሮዋ ለመሽናት አንድ ወይም ሁለት ጥግ የመምረጥ ልማድ ስላላት ሥራው ከባዶ አይጀመርም። ግልገሏ እንደመጣች ሰፊ ክፍል ውስጥ ከተለቀቀች ግን ቦታው ይበዛባትና በየማዕዘኑ ትሸናለች፤ በመሆኑም ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በትልቅ ጎጆ ወይም በአጥር በተከለለ ውሱን ቦታ ማቆየት ይገባል። የመጸዳጃ ሳጥኑ የሚቀመጠው እርሷ ደጋግማ በሸናችበት ጥግ ነው። ባለቤቱ ሳጥኑ ለዓይን የሚያምርበትን ጥግ፣ ጥንቸሏ ደግሞ ሌላ ጥግ የመረጡ እንደሆነ፣ ውሎ አድሮ የሚሸነፈው ባለቤቱ ነውና ክርክሩን አለመጀመር ይሻላል።

ሳጥኑ ጥንቸሏ አድጋ እንኳ ገብታ ለመዞርና ለመዘርጋት የሚበቃት፣ መግቢያው ግን ግልገል በቀላሉ የምትሻገረው ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ለአይጥና ለመሳሰሉት ትንንሽ እንስሳት የተሠሩት የጥግ ሳጥኖች ቶሎ ስለሚጠቡ ብዙ አያገለግሉም። የጉዝጓዙ ምርጫ ከሳጥኑ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ግልገል ያገኘችውን ሁሉ ትቀምሳለች። ከወረቀት የተሠራ እንክብል ጉዝጓዝ ሽንትን በደንብ ይመጥጣል፣ ብትቀምሰውም ጉዳቱ አነስተኛ ነው። በአንጻሩ እርጥበት ሲነካው የሚጓጎለው የድመት አሸዋ አንጀት ሊዘጋ ስለሚችል፣ አቧራውም ሳንባን ስለሚጎዳ ፈጽሞ አይመከርም። ከጥድና ከመሳሰሉት ጠንካራ መዓዛ ካላቸው ዛፎች የተገኘ ጥሬ ሰጋቱራም ሽታ የሚያጠፋ ቢመስልም፣ የሚያወጣው መዓዛማ ኬሚካል የመተንፈሻ አካልንና ጉበትን ያውካል። ከጉዝጓዙ በላይ ድርቆሽ ይነጠፋል፤ ወይም በሳጥኑ አንድ ጫፍ ባለ መስቀያ ላይ ይደረጋል። ጥንቸል እየበላች የመጸዳዳት ልማድ ስላላት፣ ድርቆሹ ሳጥኑ ውስጥ ወይም አጠገቡ መሆኑ ከማናቸውም ሥልጠና በላይ ይሠራል። ድርቆሹ በየቀኑ አዲስ እንዲሆንና ሽንት የነካው እንዲነሣ ጥንቃቄ ይደረግ።

ከሳጥኑ ውጭ የሸናች እንደሆነ ሽንቱን በወረቀት መጥጦ ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ፣ የተበተነውንም በጠጥ ለቅሞ እዚያው መጨመር ቦታውን በጠረኑ እንድታውቀው ይረዳታል። መቆጣት፣ መምታት ወይም እያሳደዱ ሳጥኑ ውስጥ ማስገባት ግን ሳጥኑን ከፍርሃት ጋር እንድታያይዘው ከማድረግ በቀር የሚያስተምራት ነገር የለም። በውሱኑ ቦታ በሳጥኑ ዘወትር መጠቀም ስትጀምር ክልሉን ጥቂት በጥቂት ማስፋት፣ መሳሳት ካበዛች ደግሞ መልሶ ማጥበብ ነው። ምንጣፍ፣ አልጋና ሶፋ ለስላሳ በመሆናቸው ለመሽናት ስለሚስቧት እስክትለምድ ድረስ ከእነርሱ ትከልከል። አንዳንድ በጠጥ እዚህም እዚያም መገኘቱ የማይቀር ስለሆነ፣ እርሱን እንደ ውድቀት መቁጠር አያስፈልግም።

ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ከዚህ በኋላ የሚመጣው የጉርምስና ወቅት ነው። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ገደማ ሆርሞን ሲነሣ፣ በሚገባ የለመደች ግልገል እንኳ ክልሏን ለማመልከት በየቦታው መሽናት ልትጀምር ትችላለች፤ ወንዱም ሽንቱን ይረጫል፣ ሽታውም ይበረታል። ለዚህ ዘላቂው መፍትሔ ጥንቸሎችን በሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ወንዱን ማኮላሸት፣ ሴቷንም ማምከን ሲሆን፣ ሆርሞኑ ከሰውነት እስኪወጣ ጥቂት ሳምንታት ስለሚወስድ ለውጡን በማግስቱ መጠበቅ አይገባም።

ጽዳቱን በተመለከተ፣ የረጠበው ጉዝጓዝ በየቀኑ ይነሣል፤ ሳጥኑ በሙሉ ደግሞ በ2 ወይም በ3 ቀን አንዴ ይለወጣል፤ በዚህ ጊዜ ጥቂት የቆየ በጠጥ ማስቀረት ቦታውን እንዳትረሳ ያደርጋል። የጥንቸል ሽንት ካልሲየም ስለሚበዛበት በሳጥኑ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ ይህን ነጭ ኮምጣጤን ከእኩል ውኃ ጋር ቀላቅሎ በማፍሰስና ጥቂት በማቆየት ማሟሟት ይቻላል። በረኪና ሽንት ባለበት ላይ ማፍሰስ አደገኛ ነው፤ ከአሞኒያው ጋር ተዋሕዶ መርዛማ ጋዝ ያመነጫልና። ሽቶና የሚያጥን ነገር ደግሞ ሽታውን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም፤ ጥንቸል የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ብቻ ስለሆነ እርሷን ከሰው ይልቅ ይጎዳታል። ክፍሉን ማናፈስ ይበቃል፤ ሳጥኑ ብርቱ ነፋስ በሚመጣበት አቅጣጫ አይሁን እንጂ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሽታው ካልጠፋ ምክንያቱን ጥንቸሏ ላይ መፈለግ ያስፈልጋል። ጥንቸል ከደረቁ በጠጥ ሌላ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ለስላሳ እዳሪ አላት፤ ይህንንም ከመቀመጫዋ እየወሰደች መልሳ ትበላዋለች። ሳትበላው ቀርቶ ጠጉሯ ላይ ሲጣበቅ በጣም ይከረፋል። ብዙ ጊዜ መንስኤው የፋብሪካ መኖና ጣፋጭ ነገር በዝቶ ድርቆሽ ማነሱ ነው። የቆሸሸው ክፍል በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል እንጂ ገላዋን በሙሉ ማጠብ አይገባም፤ ድንጋጤውና ብርዱ ሕይወቷን ሊያሳጣ ይችላል። ቆሻሻው እንዲቆይ ከተተወ ደግሞ ዝንብ እንቁላሏን ትጥልበታለች፤ የዝንብ እጭ የተፈለፈለባት ጥንቸል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት። በሳጥን የመጠቀም ልማዷን በድንገት የተወች፣ ስትሸና የምታምጥ፣ ሽንቷ ወፍሮ እንደ ኖራ ውኃ የሆነ ወይም ደም የታየበት ጥንቸልም የሽንት ፊኛ ሕመም ሊኖርባት ስለሚችል፣ ሥልጠናውን ከመድገም በፊት በሐኪም መታየት ይኖርባታል።