ባሕር በሌለበት ከተማ የመርከብ ሠሪ ታሪክ ስታቀርቡ

ጅማ ላይ በቅርብ የምናውቀው ውሃ አዌቱ ነው፤ እሱ ደግሞ መርከብ አያስኬድም። ታዲያ ለታሪክ ክበብ የብሪታኒያዊውን መርከብ ሠሪ የጆን ሌርድን ሕይወት አቅርቡ ብትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ? እኔ ከልደቱ ጀምሬ ጉድ ሆኛለሁ። "በ1805 ስኮትላንድ ውስጥ ተወለደ" ከማለቴ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ስልካቸውን አወጡ። አንዱማ አንኮራፋ። የውሸቱን ይሁን የእውነቱን እስካሁን አልገባኝም።

ከሳፋ ጀምሩ። ውሃ ሙሉበት፣ ምስማር ጣሉበት፤ ይሰምጣል። ከዚያ የብረት ጎድጓዳ ሳህን ቀስ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ይንሳፈፋል። ብረት ነው እንጂ ሆዱ ባዶ ስለሆነ የሚገፋው ውሃ ክብደቱን ይሸከምለታል። ይሄን ያየ ሰው የቀረውን ይሰማችኋል።

አሁን ወደ ፋብሪካው ውሰዷቸው። አባቱ ዊሊያም በ1824 ከሊቨርፑል ማዶ በርከንሄድ ላይ የብረት ፋብሪካ ከፈተ። ሥራው ቦይለር (የእንፋሎት ማፍሊያ ጋን) ነበር፦ የብረት ሉሕ ማጠፍ፣ መብሳት፣ በጋለ ሪቬት (የብረት ችንካር) ማያያዝ። ያንኑ ሉሕ እንደ ሳህናችሁ ሆድ ብትሰጡት መርከብ ይሆናል። ያኔ መርከብ ማለት እንጨት ነበርና አባትና ልጅ ከቀዳሚዎቹ የብረት መርከብ ሠሪዎች ተርታ ገቡ።

ፖለቲካው ላይ ግን ቀስ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሌርድ በ1861 ድርጅቱን ለልጆቹ ትቶ የበርከንሄድ የመጀመሪያው የፓርላማ ተመራጭ ሆነ። "አላባማ" የምትባለው መርከብ ከዚያው ፋብሪካ የወጣችው በ1862 ነው። አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች፣ መርከቧን ያዘዘውም የደቡቡ ወገን ነው። ለሙከራ ጉዞ ነው ተብሎ እንግዶች ተሳፈሩ። እንግዶቹ በጎታች ጀልባ ተመለሱ፣ እሷ በዚያው ቀረች! መድፏን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ባሉት አዞረስ ደሴቶች ላይ ጭና ከ60 በላይ የሰሜኑን መርከቦች ያዘች፤ በ1864 ፈረንሳይ ዳርቻ ላይ ተመትታ ሰመጠች። በ1872 የጄኔቭ ሽምግልና እንግሊዝን ለአሜሪካ 15.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ አስከፈላት።

ስለዚህ "እሱ ሠራት" ብላችሁ በደፈናው አትዝጉት። በወረቀት ላይ ሥራው የልጆቹ ነበር። ግን በ1863 ተቃዋሚው የፓርላማ አባል ጆን ብራይት ሲወቅሰው ምን አለ? መደብን ከመደብ ከሚያጋጭ ሰው ይልቅ የደርዘን አላባማዎች ሠሪ ተብዬ ብታወቅ ይሻለኛል አለ፣ ፓርላማውም አጨበጨበለት። እኔ ብሆን አብዛኛውን ጊዜ እዚች ላይ አጠፋለሁ፤ ነጋዴነቱም ፖለቲከኛነቱም ባንዴ የሚታየው እዚህ ነው። የቀረውን የፓርላማ ዘመኑን በሁለት ዓረፍተ ነገር እለፉት።

ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ መሆናቸውን መጀመሪያ ተናገሩ፣ አለዚያ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ያፋጥጣችኋል። ከእኛ ጋር ስታያይዙትም ይቀላል፦ አላባማ በወጣችበት ዓመት ነው ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ያን መልስ ያጣ ደብዳቤ የጻፉት። አባ ጅፋር ዳግማዊ ጅማ ላይ የነገሡት ደግሞ በ1878፣ ሌርድ ከሞተ ከ4 ዓመት በኋላ ነው።

ሳፋውን ስትወስዱ ግን ለእናታችሁ ንገሩ። የእኛ ቤት ሳፋ ሦስት ቀን ተፈልጓል።