የበግ ሌጦ ከመንዝ እስከ ቆዳ ፋብሪካ፦ ኃላፊነት ያለበት የአቅርቦት ደረጃ እንዴት ይዘጋጃል?

ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ የተነሣ የበግ ሌጦ ቆዳ ፋብሪካ እስኪደርስ በባለቤቱ ወይም በአራጁ፣ በገጠር ሰብሳቢውና በከተማው ነጋዴ እጅ ያልፋል። በየእጁ ከሌላ ሌጦ ጋር ስለሚቀላቀል መጋዘን ሲገባ ከየት እንደመጣ የሚናገር ሰው አይገኝም። የጫማና የጓንት ገዢዎች ግን ዛሬ አጥብቀው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ እንስሳው እንዴት ተያዘ፣ ማን ሠራ፣ ፍሳሹ የት ገባ፣ ማስረጃውስ የታል? ከዚህ በታች ያለው አንድ ማኅበር፣ ዩኒየን ወይም የፋብሪካ ግዢ ክፍል ለሰሜን ሸዋ የሚስማማ ደረጃ፣ ማለትም አቅራቢው ሁሉ የሚያሟላቸው መስፈርቶች የሚጻፉበት ሰነድ፣ ከባዶ ተነሥቶ የሚያዘጋጅበት አካሄድ ነው። የተጻፈው ለበግ ሌጦ ቢሆንም በጥቂቱ ተስተካክሎ ለፍየልም ለከብትም ይሆናል።

1. ወሰኑን ይቁረጡ

የትኛው እንስሳ፣ ከየትኞቹ ወረዳዎች፣ እስከ የትኛው የሥራ ደረጃ እንደሆነ በአንድ ገጽ ይጻፉ። ለጅምር የበግ ሌጦን ብቻ፣ ከጓሮ እስከ ዌት ብሉ (በክሮም የለፋ እርጥብ ቆዳ) ወይም ፒክል (በአሲድና በጨው የተዘፈዘፈ፣ ገና ያልለፋ ሌጦ) ድረስ መያዝ ይበቃል። በግን፣ ፍየልንና ከብትን በአንድ ሰነድ የጀመረ ቡድን ሁለት ዓመት ስብሰባ ላይ ይቀመጣል።

ሰነዱ ከሕግ በታች እንዳይወርድ ቢያንስ ሁለት አዋጆች ጠረጴዛው ላይ ይኑሩ፦ የጥሬ ቆዳና ሌጦ ግብይት አዋጅ ቁጥር 814/2006 እና የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። ከውጭ በኩል እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ የተባለ የቆዳ ኢንዱስትሪ ማኅበር ፋብሪካዎችን በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ይመዝናል፤ ትኩረቱ ግን በዋናነት ፋብሪካው ላይ ነው። ከጓሮ እስከ ሰብሳቢ ያለውን ክፍል መጻፍ የእናንተ ድርሻ ነው። የከብት ቆዳ የሚጨምሩ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ የወቅቱን ይዘት ይመልከቱ፤ ደንቡ ሲወጣ ከብትን ይዟል፣ በግና ፍየልን ግን አልያዘም።

2. ከመጋዘን ወደ ኋላ ይሂዱ

ከፋብሪካው መጋዘን 20 ሌጦ አንሥተው አንድ በአንድ ወደ መጣበት ይከተሉት። በየእጁ ሲደርሱ ከማን እንደተገዛ፣ ከታረደ በስንት ሰዓቱ ጨው እንዳገኘ፣ በስንት ብር እንደተሸጠ፣ ሥራው ላይ የቆመው ሰው ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ ጆሮውና ትርፍራፊው የት እንደተጣለ ይመዝግቡ። ይህን ጉዞ አንድ ጊዜ በጾም፣ አንድ ጊዜ በፋሲካ ወይም በእንቁጣጣሽ ሰሞን ያድርጉት። በጾም ሌጦ ይጠፋል። በበዓል ደግሞ በአንድ ጠዋት በየቤቱ ይታረድና ሰብሳቢው ጨውም ሰውም ያጥረዋል፤ ብዙ ሌጦ የሚበላሸውና የሚጣለው ያን ዕለትና በማግስቱ ነው። በጾም ብቻ የተጠና ደረጃ በበዓል ይፈርሳል።

የቆላውንና የደጋውን ልዩነትም ይመዝግቡ። ደብረ ብርሃን ላይ ማታ የተገፈፈ ሌጦ እስከ ጠዋት ብርዱ ሊያቆየው ይችል ይሆናል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ያው ሌጦ ከሰዓት በኋላ መሽተት ይጀምራል።

ሁሉም ሌጦ ወደ ገበያ እንደማይወጣም አይዘንጉ። መንዝ ውስጥ ጥሩው ሌጦ አጎዛ ሆኖ መደብ ላይ ይነጠፋል፣ ስልቻና አቁማዳም ይሆናል። ይህ የቤተሰቡ መብት ስለሆነ ደረጃው ሊነካው አይገባም። ለስልቻ እንደ ከረጢት ተሸልቅቆ የወጣ ሌጦ ግን ለፋብሪካ የሚፈለገው ቅርጽ ስለሌለው መግዣው ላይ ለብቻው ይያዝ።

3. ጉድለቱን ከባለቤቱ ጋር ያገናኙ

ደረጃው የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ የሌጦ ጉድለት የሚመለከተው ሰው አለ። የቢላ ቁርጥ የገፋፊው ነው። ብስባሽ የሚመጣው ጨው ካዘገየው ሰብሳቢ ነው። የእሾህና የአጥር ጭረት፣ የመተኮስ ጠባሳ የአርቢው ነው። እከክ ደግሞ ከአርቢውም በላይ የቀበሌው የእንስሳት ጤና አገልግሎት ጉዳይ ነው።

እከክን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የበግ ቅማልና ኬድ የሚባለው ደም መጣጭ ነፍሳት ሲነክሱ ቆዳው ይቆጣና ጥቃቅን እብጠት ይይዛል። በጸጉር የተሸፈነ ጥሬ ሌጦ ላይ ይህ አይታይም። ሰብሳቢው «አንደኛ» ብሎ ይገዛዋል፣ ነጋዴውም አንደኛ ብሎ ይሸጠዋል፤ ፋብሪካ ገብቶ ጸጉሩ በኖራ ሲወልቅ ነጠብጣቡ ብቅ ይላል፣ ቀለምም እኩል አይቀበልም። በዚያ ጊዜ ሌጦው ከየት እንደመጣ ካልታወቀ መድኃኒቱ የት ቀበሌ እንደሚረጭ የሚያውቅ የለም። ከየት መጣ የሚለው መዝገብ ለውጭ ገዢ ደስታ ብቻ የሚያዝ እንዳልሆነ ለሰብሳቢዎች ሲያስረዱ በዚህ ይጀምሩ።

ርጭቱን ደረጃው ውስጥ ሲያስገቡ ሁለተኛው ዙር ከ2 ሳምንት በኋላ እንዲደገም ያስገድዱ፤ መድኃኒቱ የቅማሉን እንቁላል ስለማይገድል አንድ ዙር ብቻ ከሆነ የተፈለፈለው እንደገና ይወራል። ከመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው የሥጋ መታቀቢያ ቀን ሳያልፍ እንስሳው አይታረድ። ልጆችም ርጭት ላይ አይቁሙ።

4. መስፈርቱን በሚለካ ቃል ይጻፉ

«ሌጦው በጥንቃቄ ይያዝ» የሚል አንቀጽ ማንንም አያስገድድም። እያንዳንዱ መስፈርት ማን፣ ምን፣ በስንት ጊዜ፣ በምን ማስረጃ የሚለውን ይመልስ። ለምሳሌ፦ «ሰብሳቢው ሌጦው ከተገፈፈ በ4 ሰዓት ውስጥ የክብደቱን 40 በመቶ ንጹሕ ጨው ይነሰንስበት፤ የተገፈፈበትንና ጨው ያገኘበትን ሰዓት በመዝገብ ይጻፍ።» 2 ኪሎ የሚመዝን ሌጦ 800 ግራም ጨው ይፈልጋል ማለት ነው። ሚዛን ለሌለው ሰብሳቢ 800 ግራም የሚይዝ ጣሳ ለክቶ መስጠት ከሥልጠና ይበልጣል።

ለአራጁ የሚጻፈው አጭር ይሁን። ቢላው የተሳለ ይሁን፤ በጉ በሌላው በግ ፊት አይታረድ፤ ነፍሱ ሳይወጣ መግፈፍ አይጀመር። ሬሳው ይሰቀል፤ መስመሩ ከጉሮሮ እስከ ጅራት ቀጥ ብሎ ይቀደድ፤ ጎንና ጀርባው በጡጫ ይለቀቅ፣ ቢላ እግርና አንገት ላይ ብቻ ይግባ። መሬት ላይ አጋድሞ በቢላ የሚገፍ ሰው ጀርባው ላይ ቁርጥ ይተዋል፤ ዋጋ ያለው ደግሞ ጀርባው ነው።

ለሰብሳቢው፦ ሥጋና ሞራው ተነሥቶ፣ ደሙ ታጥቦ፣ ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ ሌጦው ጸጉሩ ወደ ታች፣ ሥጋው የነበረበት ገጽ ወደ ላይ ሆኖ ይዘርጋ። ጨው እስከ ጠርዙ ይድረስ፤ ብስባሽ የሚጀምረው ከታጠፈ ጠርዝና ከሆዱ ነው። ክምሩ በእንጨት ርብራብ ላይ ሆኖ ትንሽ ዘንበል ይበል፣ ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ ከሌጦው የሚወጣው ጨዋማ ውኃ መውረጃ ካላገኘ የታችኞቹ ይበሰብሳሉ። አንድ ጊዜ የሠራ ጨው ተጠራቅሞ እንደገና ከተነሰነሰ ጨው የሚችሉ ባክቴሪያዎች ይበዙና ቀይ ነጠብጣብ ይወጣል። ፀሐይ ላይ መሬት ለመሬት የተሰጣ ሌጦ ደግሞ ከላይ ቶሎ ይደርቅና እርጥበቱን ውስጡ ይቆልፋል፤ ብስባሹ የሚታወቀው ፋብሪካ ውኃ ውስጥ ሲነከር ነው።

በመረከቢያ በር ላይ የሚሆን ፈጣን ፍተሻ አለ፤ ከሆዱ በኩል ትንሽ ጸጉር በሁለት ጣት ይዞ መሳብ። ቆዳውን ይዞ የሚታገል ከሆነ ደኅና ነው፤ ሳይታገል እጅ ላይ ከቀረ ሌጦው መበስበስ ጀምሯል።

ለፋብሪካው ከሚጻፉት ሁለቱን ማለፍ አይቻልም። ጸጉር የሚያወልቀው የኖራና የሰልፋይድ ፍሳሽ ከአሲዳማው የክሮም ፍሳሽ ጋር በአንድ ቦይ አይሂድ፤ ሲገናኙ የሚወጣው የሃይድሮጂን ሰልፋይድ ጋዝ ጉድጓድ የሚያጸዳ ሠራተኛን በደቂቃ ይገድላል። ሁለተኛው መርዛማው የክሮም ዓይነት፣ ክሮም 6 ነው። ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ክሮም 3 ቢሆንም፣ ለማለስለሻ በገባ የማይመች ዘይትና በሙቀት ምክንያት ወደ ክሮም 6 ሊለወጥ ይችላል፤ የአውሮፓ ኅብረት ወሰን በኪሎ ግራም 3 ሚሊ ግራም ነው። የፍሳሽ ናሙናም ከፋብሪካው በላይና በታች ካለው ወንዝ ይወሰድ፤ ደብረ ብርሃን ላይ የበሬሳን ወንዝ ተከትሎ ከብት የሚያጠጣና ልብስ የሚያጥብ ሰው አለ።

መስፈርቶቹን ሁሉ በአንድ ክብደት አያስቀምጡ። በሕይወት ሳለ መግፈፍ፣ ከ15 ዓመት በታች ልጅን መቅጠር፣ ከ15 እስከ 18 ያለውን ወጣት ኬሚካልና ጉድጓድ ላይ ማሠራት፣ መዝገብ ማጭበርበር ከመጀመሪያው ቀን የተከለከሉ ናቸው። የክምር ርብራብ፣ ጓንትና ቦቲ፣ የመጋዘን ጣሪያ የጊዜ ገደብ ተሰጥቷቸው ይሻሻሉ። ከትምህርት ቤት ተመልሶ የአባቱን በግ የሚያግድ ልጅ ከተቀጣሪ ልጅ ጋር በአንድ አንቀጽ እንዳይጻፍ ይጠንቀቁ። ለእሱ የሚጠየቀው ትምህርቱ እንዳይስተጓጎል ነው።

5. ምልክቱ ኖራና ክሮም የሚችል ይሁን

እያንዳንዱን በግ በጆሮ ቁጥር መከታተል ጥቂት በግ ላለው ገበሬ አይሆንም። በምድብ ይያዙት፦ አንድ ቀበሌ፣ አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ ሳምንት። የወረቀት መለያ በመጀመሪያው ንከራ ይሟሟል፤ የቀለም ጽሑፍ በኖራ ይጠፋል። የሚሻለው በአንገቱ ወይም በጭራው ጠርዝ ላይ በመብሻ የሚመታ የቀዳዳ ምልክት ነው፤ የቀዳዳው ብዛትና ቦታ የቀበሌና የሰብሳቢ ቁጥር ይሆናል። ቀዳዳው ከሚቆረጠው ጠርዝ ትንሽ ገባ ይበል፤ አለዚያ ፋብሪካው ጠርዝ ሲያስተካክል አብሮ ይሄዳል።

ደረጃውን ማሟላቱ የተመሰከረለትና ያልተመሰከረለት ሌጦ በተለያየ ክምር ይቀመጥ። ቦታ የጠበበው ነጋዴ ቀላቅሎ፣ የተመሰከረለት የገባውን ያህል በቁጥር ብቻ እያመዛዘነ ማውጣት ይፈልጋል፤ ያን ከፈቀዱለት እከኩን ወደ ቀበሌው የሚመልሰው መንገድ ይቆረጣል።

6. ዋጋውን ደረጃው ውስጥ ያስገቡ

አንደኛና ሦስተኛ ደረጃ ሌጦ በፍሬ እኩል ከተገዛ ለቢላውም ለጨውም የሚጨነቅ የለም። የደረጃዎቹ የዋጋ ልዩነት በመግዣው በር ላይ ይለጠፍ፣ ገንዘቡም ያኑ ዕለት ይከፈል። ጸጉሩ ከወለቀ በኋላ ውጤቱ ታይቶ ለምድቡ ሁለተኛ ክፍያ ይጨመር፤ ከክፍያው ጋርም የጉድለት ቆጠራው ይመለስ፦ ስንቱ በቢላ፣ ስንቱ በብስባሽ፣ ስንቱ በእከክ። ይህ ወጪ የፋብሪካው ወይም የገዢው መሆኑ በሰነዱ ይጻፍ። ወጪውን ወደ ገበሬው የገፋ ደረጃ ኃላፊነት ያለበት ሊባል አይችልም።

7. ይሞክሩት፣ ያስፈትሹት

ረቂቁን ለ60 ቀን ለአስተያየት ክፍት ያድርጉት። በወረቀት ብቻ አይበቃም፤ በቀበሌ ስብሰባ በቃል ይነበብ፣ አራጆች፣ ሰብሳቢዎችና በጎቹን ቤት የሚያሳድሩት ሴቶች ይናገሩበት። መንዝ የጓሳን ሣር ለዘመናት በራሱ ሕግ ሲዘጋና ሲከፍት የኖረ አገር ስለሆነ መክሮ ያወጣውን ሕግ ማስከበር ያውቅበታል።

ከዚያ አንድ የደጋ፣ አንድ የቆላ ቀበሌ ተመርጦ ከገና በፊት እስከ ፋሲካ ማግስት ይሞከር፤ ሁለት በዓልና ሁዳዴን ያካትታል። መርማሪው ሌጦ የማይገዛና የማይሸጥ ሰው ይሁን። ከጉብኝቶቹ አንዱ ሳይነገር፣ በበዓል ዋዜማ ወይም ማግስት ይደረግ። ቅሬታ የሚቀበል ሰው ስልክ በመግዣው በር ላይ ይለጠፍ፤ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ያልተሰጠው ቅሬታ በፍተሻው እንደ ጉድለት ይቆጠር።

የሙከራው ቆጠራ የትኛው መስፈርት እንደማይሠራ ያሳያል። የ4 ሰዓቱ ገደብ በበዓል ቀን ከተሰበረ ጨው ለበዓሉ ዋዜማ አስቀድሞ በየጎጡ እንዲቀመጥ አንቀጽ ይጨመር እንጂ ገደቡ አይላላ። ተሻሽሎ የሚወጣው ቅጂ ቁጥርና ቀን ይያዝ፤ የቀድሞው ቅጂም ከሰብሳቢዎች እጅ ተሰብስቦ ይመለስ።