ልገሳው ለምን ቆመ? ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ፈቃዳችሁ ታድሷል፣ በድርጅቱ ስም የባንክ ሂሳብ አላችሁ፣ ኦዲትም ተደርጋችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። እነዚህ ካልተሟሉ መጀመሪያ እነሱን ጨርሱ። ከታች ያሉት ትናንሽ ድርጅቶችን ሳግዝ ደጋግመው ያጋጠሙኝ ችግሮች ናቸው።

ምልክት፦ ፖስቱ ሼር ይደረጋል፣ ላይክ ይጎርፋል፣ ሂሳቡ ላይ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም

የሂሳብ ቁጥሩ ፎቶው ላይ ተጽፎ ይሆናል። የንግድ ባንክ ሂሳብ 13 አሃዝ ነው። ታክሲ ውስጥ ቆሞ 13 አሃዝ ከፎቶ ላይ የሚገለብጥ ሰው የለም። "ቤት ስገባ አስገባለሁ" ይላል፣ ይረሳዋል። ቁጥሩን በጽሑፍ፣ ለብቻው በአንድ መስመር አስቀምጡት፤ አንዴ ተጭኖ ኮፒ ያድርገው።

ከዚያ ከሌላ ሰው ስልክ 10 ብር ላኩና ሞክሩት። ከማረጋገጫው በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። የድርጅቱ ስም ሳይሆን የሥራ አስኪያጁ ስም ከመጣ፣ የሰጪው እጅ እዚያ ላይ ይቆማል። እውነቱን ነው። በግል ሂሳብ እርዳታ አትሰብስቡ። "የድርጅቱ እስኪከፈት ነው" የሚባል ነገር የለም። ለአንድ ቀንም አታድርጉት።

ሌላው "የአቅማችሁን" የሚለው ቃል ነው። ሰው ስንት እንደሚበቃ አያውቅም፤ ትንሽ ሰጥቼ ከማፍር ብሎ ይተወዋል። የአንድ ልጅ የወር ምሳ ስንት እንደሚፈጅ ከራሳችሁ ኩሽና ደረሰኝ ላይ አስሉና ቁጥሩን ጻፉት።

ምልክት፦ መጀመሪያ ጥሩ ገባ፣ ከዚያ ቀጥ አለ

ዋናው ይሄ ነው። የትም ብሄድ የሚነገረኝ ምክንያት አንድ ነው፤ "ኑሮ ተወደደ፣ ሰውም ተሰላቸ።" ኑሮ መወደዱ እውነት ነው። ግን በዚሁ ኑሮ ሰው የእድር መዋጮውን ይከፍላል። ድንኳኑን ያያል፣ ወንበሩን ያያል፣ ጸሐፊው መዝገብ ገልጦ ገቢና ወጪ ያነብለታል። እናንተ ዘንድ ሰውየው ብር አስገባ፣ ከዚያ ዝም። ደረሰ አልደረሰ፣ ምን ተገዛበት፣ የሚነግረው የለም።

ለተማሪዎች ምሳ የሚያበላ አንድ ማዕከል ጠርቶኝ ነበር። የስድስት ወር የባንክ ስቴትመንት አስወጥተን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። የሚደጋገሙትን ስሞች በማርከር አሰመርን። አንዲት ሴት አምስት ወር ሙሉ፣ በየወሩ መጨረሻ 500 ብር አስገብታለች። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "ለእናቴ መታሰቢያ" ይላል። በስድስተኛው ወር የለችም። ቢሮው ውስጥ ስሟን የሚያውቅ አንድም ሰው አልተገኘም። የማዕከሉን ቴሌግራም ስንከፍት ግን መልእክቷ እዚያው ተቀምጧል። "ብሩ ደርሷል ወይ?" ብላለች። ሁለት ጊዜ ጠይቃለች። መልስ የሰጣት የለም።

ሥራ አስኪያጇ እዚያው ደወለችላት። ሴትየዋ ትንሽ ዝም አለችና "ደርሶ ነበር እንዴ?" አለች። በሚቀጥለው ወር ተመለሰች። የእናቷንም ሙት ዓመት ምሳ ራሷ መጥታ ለልጆቹ አበላች።

ሌላ ቦታ ደግሞ የታተመ ካርኒ በካርቶን እንደታሰረ መጋዘን ውስጥ አገኘሁ። ከመጀመሪያው ጥራዝ አንድ ቅጠል አልተቀደደም። "ሰው በባንክ ስለሚልክ ሊወስድ አይመጣም" አሉኝ። ካርኒውን ቆርጦ፣ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ አንድ ደቂቃ ነው! ይህ ስንፍና ልጆች ምሳ ያሳጣል።

መፍትሄው ይህ ነው። ደብተርም ይሁን ኤክሴል ክፈቱ፤ ስም፣ ስልክ፣ ቀን፣ መጠን፣ ምክንያት። ስልኩ ካልታወቀ ፖስቱ ላይ "ስታስገቡ ስልካችሁን ምክንያት ላይ ጻፉልን" በሉ። ጠዋት ጠዋት ሂሳቡን አይቶ የሚመዘግብ አንድ ሰው ይመደብ። "ሁላችንም እናየዋለን" ካላችሁ ማንም አያየውም።

በሁለት ቀን ውስጥ ደውሉና አመስግኑ። በዚያ ስልክ ላይ ሌላ ብር አትጠይቁ። በፍጹም አትጠይቁ። ከወር በኋላ አንድ ፎቶና ሁለት መስመር ላኩ፤ የተገዛውን የጤፍ ኩንታል፣ እሳት ላይ ያለውን ድስት። የልጆች ፊት አይታይ። ቤተሰብ ቢፈቅድም አይታይ። ልጁ ነገ ያድጋል፣ የክፍሉ ልጆችም ስልክ አላቸው። እጅና ሳህን ይበቃል። መጥፎ ዜናም ካለ ንገሯቸው፤ "ዘይት ስለጨመረ በሳምንት አንድ ቀን ቀንሰናል" ብሎ የጻፈ ድርጅት ይታመናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጠይቁ። ደመወዝ ሲወጣ እንጂ በወሩ አጋማሽ አይሁን። መስከረም ላይ ተዉት፤ ሰው በበዓልና በትምህርት ቤት ክፍያ ተወጥሯል። በሁዳዴና በረመዳን እጅ ይፈታል፤ ለእሱ ከወር በፊት ተዘጋጁ።

"ስንቱ ለደመወዝ ይሄዳል?" ሲባል አትደናገጡ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። የእናንተን ትክክለኛ ቁጥር ተናገሩ። መዝጋቢውም ደመወዝ ያስፈልገዋል።

ምልክት፦ ሆቴል ውስጥ ቃል የተገባው ብር አልገባም

በገቢ ማሰባሰቢያ እራት ላይ ማይክ ሲዞር ሰው ይሞቀዋል፣ ይሉኝታም ይይዘዋል። ስሙ ብቻ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ስልክ የለ፣ ቀን የለ። ቃል የሚገባው ሰው ስልኩንና የሚከፍልበትን ቀን ራሱ የሚሞላበት ካርድ ጠረጴዛው ላይ ይኑር። የቴሌብር ኪውአር ኮድም አብሮ ይቀመጥ፤ የሚችል እዚያው ይክፈል። በዚያው ሳምንት ደውሉ። ሁለት ወር ካለፈ ብሩ የለም በሉ። ከዝግጅቱ በፊት ደግሞ የአዳራሹንና የእራቱን ዋጋ አስሉ። የሆቴሉ ሂሳብ ከገባው ብር በልጦ ሰብሳቢዎቹ ከኪሳቸው ሲያዋጡ አይቻለሁ።

ምልክት፦ ዳያስፖራው "እንረዳለን" ይላል፣ መላኪያ መንገድ የለም

ጎፈንድሚ የሚባለው የኢንተርኔት እርዳታ ማሰባሰቢያ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ባንክ ገንዘብ አያወጣም። ጎፈንድሚ በሚሠራበት አገር የሚኖር ሰው ሊከፍተው ግድ ነው፤ ስለዚህ ኃላፊነቱን በጽሑፍ ተፈራረሙ፣ የገባውንም ለሰጪዎች አሳውቁ። አሜሪካ ያሉት በቋሚነት እንዲሰጡ ከፈለጋችሁ 501 ሲ 3 የሚባለው የአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅት ምዝገባ ያለው አጋር ፈልጉ፤ ከግብራቸው ላይ ማስቀነስ የሚችሉት ያኔ ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ኩባንያዎች ለደብዳቤያችሁ አይመልሱም፦ ብር ሳይሆን የሚያመርቱትን ጠይቁ፤ ዱቄት ፋብሪካን ዱቄት።

ሌላ ሰው በእናንተ ፎቶ፣ በራሱ ሂሳብ እየሰበሰበ ነው፦ ያንኑ ቀን ለባንኩና ለፖሊስ አመልክቱ። ከዚያ ደብተሩን አውጡና ከላይ እስከ ታች ለእያንዳንዱ ሰጪ ደውላችሁ ትክክለኛውን ቁጥር ንገሩት።